«የልጄ ሙሉ ጂኖም ይመርመር» ተባልኩ፤ ልስማማ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ለንደን ነው። የ6 ዓመት ወንድ ልጄ ራሱን እየሳተ ያንዘፈዝፈዋል፤ አፉንም የፈታው ዘግይቶ ነው። ለ3 ዓመት ሆስፒታል ብንመላለስም መንስኤውን የነገረን የለም። አሁን ከእርሱ፣ ከእኔና ከአባቱ ደም ተወስዶ የሙሉ ጂኖም ምርመራ በነጻ ይደረግ አሉን። ይፈውሰዋል ወይስ መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው?

መልስ፦ መሞከሪያም ፈውስም አይደለም፤ መንስኤ ፍለጋ ነው። ምርመራው የልጅዎን ጂኖም፣ ማለትም 3 ቢሊዮን ገደማ የሆኑትን የዲኤንኤ (ከወላጅ የሚወረሰው መረጃ) ፊደላት አንብቦ ከእናንተ ጋር ያስተያያል። በሁለታችሁም የሌለ፣ በእርሱ ላይ ብቻ የታየ ለውጥ ካለ ጥርጣሬው ወደዚያ ያመዝናል።

ነጻ መሆኑ አያጠራጥርዎት። የአንድ ሰው ጂኖም በ2001 እ.ኤ.አ. 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራል። መንግሥትም የሚከፍለው በደግነት ብቻ አይደለም፣ አስልቶ ነው። የእንግሊዝ የ100,000 ጂኖም ፕሮጀክት የሙከራ ዙር ውጤት በ2021 ሲታተም የአንዲት የ10 ዓመት ልጅ ታሪክ ነበረበት። በ7 ዓመት ውስጥ 307 ጊዜ ሆስፒታል ተመላልሳለች፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍልም ደጋግማ ተኝታለች። ወጪው 356,571 ፓውንድ ደረሰ። ጂኖሟ ሲነበብ የበሽታ መከላከል አቅሟን ያዳከመው የአንድ ጂን ጉድለት ተገኘ፤ 70,000 ፓውንድ ገደማ በፈጀ የመቅኔ ንቅለ ተከላም ታከመች።

ይህ ግን የሁሉም ዕጣ አይደለም። በዚያው ዙር መልስ ያገኙት ከአራት ሕሙማን አንዱ ናቸው። መልሱ ሲገኝም መድኃኒቱ የሚለወጠው አንዳንዴ ነው፤ ለእንደ ልጅዎ ላለው ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድራቬት የሚባለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ከሆነ፣ ለሌሎች የሚረዳው ካርባማዜፒን የተባለ መድኃኒት ያባብሰዋል። ውጤቱ እስኪመጣ ግን የጀመረውን መድኃኒት በራስዎ እንዳያቋርጡ።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። ማነጻጸሪያው መረጃ በብዛት የተሰበሰበው ከአውሮፓውያን ስለሆነ፣ እንደ እኛ ባሉ ሰዎች ላይ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት ይበዛል። ያ በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ።

እንግሊዝኛው ከከበደዎት ከመፈረምዎ በፊት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት) በነጻ ያቀርባል። ዘመድ ባያስተረጉም ይሻላል፤ ሊያስደነግጥዎት የሚችለውን ቃል እያለሳለሰ ያልፈዋል።