«ወንድሜ በልጁ ምክንያት ተገለበጠብኝ»

ጥያቄ፦ እህቴ ሰላም ነሽ? የምኖረው እዚሁ አሜሪካ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆኜ ስሠራ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ወንድሜም ከእኔ ብዙ አይርቅም። የትምህርት ቤት ቫውቸር የሚባለውን ነገር (ወላጅ ልጁን የግል ትምህርት ቤት እንዲያስገባበት መንግሥት የሚሰጠውን ገንዘብ) ሁለታችንም አንወድም ነበር፣ እንዲያውም እሱ ይብስ ነበር። «የግብር ከፋይ ገንዘብ ለግል ትምህርት ቤት ምን ሊሠራ?» ይል የነበረው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ልጁን ከሠፈሩ ትምህርት ቤት አውጥቶ በስቴቱ ድጋፍ የግል አስገባው። ልጁ ማንበብ ይቸግረዋል፣ ዲስሌክሲያ አለበት ተብሏል። አሁን ወንድሜ ስብሰባ ላይ ሳይቀር እየተነሣ «ወላጅ ይምረጥ» ባይ ሆኗል። ስሞግተው «አንቺ ልጅ የለሽም፣ አይገባሽም» አለኝ። በበዓል ቀን ተኳርፈን ተለያየን። የአንድ ልጅ ጉዳይ የሰውን አቋም እንዲህ ይገለብጣል? ይሄ ስሜት ነው ወይስ ማስረጃ?
(አክስት ነኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ «ልጅ የለሽም» የምትለዋን ቃል እንጨርሳት። ነውር ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ጫማ ስታስሪ፣ ፊደል ስታስቆጥሪ የኖርሽ ሰው ስለ ትምህርት ቤት ለመናገር የማንንም ፈቃድ አትጠይቂም። ይቅርታ ይጠይቅሽ። ግን አንቺም «የአንድ ልጅ ጉዳይ» የምትለዋን ፊት ለፊት ብለሽው ከሆነ መኮራረፋችሁ አይገርመኝም። የወለደ ሰው ልጁን እንደ ቁጥር ሲቆጥሩበት አይወድም።

ስሜት ነው ወይስ ማስረጃ ብለሻል። እኔ ምስክርነት ነው እላለሁ። ምስክር ያየውን ይናገራል፣ ያየውንም መካድ አይገባም። ፍርዱ ግን የእሱ አይደለም። ጭቅጭቁ የሚነሣው ምስክሩ ዳኛም ልሁን ሲል ነው፣ ወይ ደግሞ ዳኛው ምስክሩን አልሰማም ሲል። እናንተ ቤት ሁለቱም ያለ ይመስለኛል።

ወንድምሽ ምን እንዳየ ለመገመት ብዙ አልቸገርም፣ የራሴን ስላየሁ። ሁለተኛዋ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ የመኪናውን ቀበቶ አትፈታም ነበር። አታለቅስም፣ አትጮህም። እጇን መቆለፊያው ላይ ታደርግና ዝም። ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ይለቁታል፣ እኔ «በይ እንጂ» እላለሁ፣ እሷ ዝም። ስብሰባ ተጠራሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ስድስት ሰው፣ ከወዲህ እኔ ብቻዬን። አስተርጓሚ ይኖራል ተብሎ ነበር፣ አልመጣም። ግማሹን ሳይገባኝ ራሴን እየነቀነቅሁ ወጣሁ። ከገባኝ ውስጥ ዋናው «ትንሽ እንጠብቅ፣ ትደርስባቸዋለች» የሚለው ነው። ጠበቅን። በዓመቱ ያንኑ ነገሩኝ፣ ያንኑ ወረቀት ሰጡኝ፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል።

መቼም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። መምህርቷ ከእኔ በላይ ደክሟት ነበር። ግን ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ትምህርት ቤት የሚያስበው በዓመታት ነው። በጀት ይያዛል፣ መምህር ይሠለጥናል፣ መጽሐፍ ይቀየራል፣ በአምስት ዓመት ነገሩ ይሻሻላል። ልጄ ግን ሦስተኛ ክፍል የምትሆነው አንዴ ነው። በአምስት ዓመት ተሻሻለ ማለት ለእሷ አልተሻሻለም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ወላጅ «ሥርዓቱን በጋራ እናሻሽል» ሲሉት ሐሳቡን ባይጠላውም ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ወንድምሽን የገለበጠው ይሄ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚመደበው በአብዛኛው ባለበት አድራሻ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ቤት ሲገዛ ትምህርት ቤቱንም አብሮ ይገዛል፣ ማንም «መራጭ» አይለውም። የሌለው ሰው ይሄን የሚያውቀው ልጁ ችግር ሲገጥመው ነው። ከዚያ በኋላ ምርጫ አዲስና አደገኛ ነገር ነው ቢሉት አይሰማም፣ ለሌሎች ድሮም እንደነበረ አይቷላ።

ይሄ ደግሞ ወንድምሽ የጀመረው አይደለም። ሐሳቡን በወረቀት ያሰፈረው የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሚልተን ፍሪድማን ነው፣ በ1955 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እንዳንሳሳት)። ወረቀቱ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ቁጭ ብሎ ነው የከረመው። ነገሩን በከተማ ደረጃ ያስጀመሩት ወላጆች ናቸው። ሚልዋኪ ውስጥ ፖሊ ዊሊያምስ የምትባል ጥቁር እናት ነበረች፣ የዊስኮንሲን ምክር ቤት አባል፣ ያውም ዴሞክራት። የሠፈሯን ድሆች ልጆች እያየች፣ ከሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ጋር ሳይቀር ተባብራ፣ በ1990 የሚልዋኪ ቫውቸር እንዲጀመር አደረገች። የመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች ወደ 340 ገደማ ቢሆኑ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ቨርጂኒያ ዋልደን ፎርድ አለች። ልጇ ከትምህርት እየራቀ ሲሄድባት በሰው እርዳታ የግል ትምህርት ቤት ገባ፣ ተቃና። ከዚያ ሌሎች ወላጆችን አስከትላ ኮንግረስ ደጅ ጠናች፣ የዲሲው ፕሮግራም በ2004 ሕግ ሆነ። ፍሎሪዳ ውስጥ በ1999 ለአካል ጉዳተኛና ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ልጆች የተጀመረው ስኮላርሺፕም የተሰየመው በጆን መኬይ ነው። የስቴቱ ሴኔት ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ሲሆን ልጁ ራሷ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋት ነበረች። አየሽ፣ ከሁሉም ጀርባ አንድ ልጅ አለ።

አሁን ደግሞ ለወንድምሽ የማይመቸውን ልናገር።

ያው የቤት ልምድ ሌላውን ሰው በተቃራኒው በኩል ያቆመዋል። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤት በዘር መለያየቱ ሕገ ወጥ ነው ሲል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፕሪንስ ኤድዋርድ የተባለው አውራጃ ከጥቁር ጋር ከመማር ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፣ ለክፍያውም ከመንግሥት ድጎማ ተገኘ። ጥቁሮቹ ልጆች እስከ 1964 ድረስ በአብዛኛው ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። አያቷ እዚያ የኖረች ሴት «ምርጫ» የሚለውን ቃል ስትሰማ የሚታያት የተቆለፈ በር ነው። የእሷም ምስክርነት ነው። ከወንድምሽ አያንስም።

የገጠር ወላጅ ደግሞ በአቅራቢያው የግል ትምህርት ቤት ከሌለ ቫውቸሩ ለእሱ ወረቀት ነው። ቴክሳስ ውስጥ የቫውቸሩን ሕግ እንዳያልፍ ለዓመታት አንቀው የያዙት ዴሞክራቶች ብቻ አልነበሩም፣ ከገጠር የተመረጡ ሪፐብሊካኖችም ነበሩበት። ያ እንቅፋት ተነሥቶ ሕጉ ያለፈው በ2025 ነው።

ፖሊ ዊሊያምስ ራሷም መጨረሻ ላይ ከደጋፊዎቿ ጋር አልተስማማችም። እሷ የታገለችው ለድሀ ልጅ ነው፣ ፕሮግራሙም በገቢ የተገደበ ነበር። ኋላ ገደቡ እየላላ ገንዘብ ላለው ቤተሰብም ይዳረስ ሲባል ተቃወመች። እኔ ይህችን ሴት በጣም ነው የምወዳት፣ ልክ ያየችውን ያህል ነበር የምትመሰክረው። አሪዞና በ2011 ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ብሎ የጀመረውን የትምህርት ሂሳብ (ወላጅ ለልጁ ትምህርት የሚያወጣው የመንግሥት ገንዘብ የሚቀመጥበት ነው) በ2022 ለሁሉም ተማሪ ክፍት አድርጎታል፣ የግል ትምህርት ቤት ሲከፍል ለኖረውም ጭምር። ይሄንን መደገፍ ይቻላል። ግን «ልጄ ዲስሌክሲያ ስላለበት» ብሎ መደገፍ አይቻልም፣ ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበት።

ጥናቱንም ብታዪው ለማንም ድል አይሰጥም። የዲሲው የመጀመሪያ ግምገማ የቫውቸር ዕጣ ከወጣላቸው ልጆች 82 ከመቶው፣ ካልወጣላቸው 70 ከመቶው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ ይላል፣ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በፈተና ውጤት ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ሉዊዚያና ውስጥ ደግሞ ቫውቸር የወሰዱት ልጆች የሒሳብ ውጤት ጭራሽ ወረደ።

የእኔ ልጅ ለቻርተር ትምህርት ቤት ዕጣ ወጣላት፣ በነፃ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቀበቶዋን ራሷ ፈታ መውረድ ጀመረች። የመጀመሪያውን ቀን መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የጎረቤቴ ልጅ ዕጣ አልወጣለትም፣ እዚያው ቀረ፣ እናቱን በሩቅ ሳያት ሰላምታዬ ያጥረኛል። ሁለቱንም ይዤ ነው የምኖረው። ለዚህ ነው ስብሰባ ላይ ብነሣ የቱ ጋ እንደምቆም እርግጠኛ ያልሆንኩት።

ወንድምሽ ጋ ደውይ። አትሟገቺው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ አዲሱ ትምህርት ቤት አሮጌው ያላደረገውን ምን አደረገለት? «በየቀኑ በትንሽ ቡድን፣ ድምፅና ፊደል እያያያዙ ማንበብ አስተማሩት» ካለሽ፣ እሱን አንቺ የምትሠሪበትም ትምህርት ቤት ሊያደርገው ይችላል፣ አብራችሁ ልትጠይቁለት ትችላላችሁ። «መውጣት መቻሌ ራሱ ነው፣ ከዚያ በፊት ማንም አይሰማኝም ነበር» ካለሽ ደግሞ ያኔ ስለ ምርጫ ነው የምታወሩት፣ አለመስማማት ትችላላችሁ። ግን አስቀድመሽ ልጁን ስልክ ላይ አምጪውና ያነበበውን ያንብብልሽ።

ጥያቄ፦ ሰላም። የላይኛው ዓይነት ጉዳይ እኛም ቤት አለ። ስቴታችን ቫውቸር ይሰጣል። ልጃችን አይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ የሚያዘጋጀው ዕቅድ) አላት። የግል ትምህርት ቤት ብናስገባት አይኢፒው አብሯት ይሄዳል? ባለቤቴ ይሄዳል ትላለች።
(አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህን ከማስቀየም ብተወው ደስ ባለኝ፣ ግን አይሄድም። ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት የወጣው የፌዴራሉ ሕግ (መነሻው የ1975ቱ ነው) በመንግሥት ትምህርት ቤት ላለ ልጅ የሚሰጠው መብት ጠንካራ ነው፦ ተገቢውን ትምህርት በነፃ ማግኘት፣ በጽሑፍ የሰፈረ ዕቅድ፣ ካልተፈጸመም መክሰስ። ወላጅ በራሱ ፈቃድ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ሲያስገባ ግን ልጁ በግሉ ያንን አገልግሎት የመጠየቅ መብት አይኖረውም። አንዳንድ ስቴቶች ቫውቸሩን ስትቀበል መብቱን መተውህን በፊርማ ያረጋግጣሉ፣ ስለዚህ የምትፈርመውን ወረቀት አንብብ፣ ያልገባህን አስተርጉም። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ እንደወጣሁት አትውጣ።

ከመፈረምህ በፊት የግሉ ትምህርት ቤት ንግግር ወይም ንባብ የሚያግዝ ባለሙያ አለው ወይ፣ ቫውቸሩ ክፍያውን በሙሉ ይሸፍናል ወይስ ልዩነቱን አንተ ነህ የምትከፍለው፣ ልጄን አልችላትም ብሎ መመለስ ይችላል ወይ የሚሉትን ጠይቅና መልሱን በኢሜይል አስልከው። የግል ትምህርት ቤት ተማሪ የማሰናበት ነፃነቱ ሰፊ ነው። ባትስማማችሁና ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብትመለሱ መብቷ ይመለስላታል፣ ግን ዕቅዱ እንደገና መታየቱ አይቀርም፣ ጊዜ ይወስዳል። የአሁኑን አይኢፒ ኮፒ ዛሬውኑ አውጥተህ ቤትህ አስቀምጥ።