ከሰሉን ከየት አወጣኸው?

ባለፈው ሳምንት ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በር ላይ አንዷ ተማሪ አስቆመችኝና «ጋሼ፣ ጆርናሉ አርቲክሌን መለሰብኝ፣ ላርመው ወይስ ሌላ ቦታ ልላከው?» አለችኝ። ቸኩዬ ስለነበር «አርሚው» ብያት ሄድኩ፣ ግን አራት ኪሎ እስክወርድ ድረስ የራሴ ነገር ሲቆጠቁጠኝ ነበር።

እኔም ተመልሶብኛል። ወጣት ሳለሁ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ትንሽ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ነበረን፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ ባልጩት፣ እፍኝ የማትሞላ ከሰል፣ የንብርብሩ ዕድሜ የሚለካባት። አንድ ቀን ከሰዓት ደመናው ሲጠቁር ዝናብ ሳይመጣ እንጨርስ ብዬ ሠራተኞቹን አጣደፍኳቸው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፣ አካፋውን አቁመው «ልጄ፣ ይሄ አፈር ተነካክቷል፣ ቀለሙን እየው» አሉኝ። «ግድ የለም አባባ፣ ይቆፍሩ» አልኳቸው። ከሰሉን በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፣ ሌብሉን ማታ መብራት ሥር በትዝታ ጻፍኩት።

ከዚያ አርቲክሉን በታይፕ አስመትቼ፣ ፖስታ ቤት ተሰልፌ ውጭ አገር ላለ ጆርናል ላክሁ። መልሱ በሰባተኛው ወር መጣ፣ ሁለት ገጽ። ገምጋሚው፣ ጆርናሉ ጽሑፉን እንዲመረምር የሰጠው ባለሙያ፣ ማን እንደሆነ አይነገርህም፣ ደንቡ ነው። ብዙ ነገር አመስግኖ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ከሰሉ ከየትኛው የአፈር ንብርብር ነው የወጣው፣ ከላይ በአይጥ ጉድጓድ የገባ አለመሆኑንስ በምን አወቅህ?

ወይ ንዴት! «ቢሮው ተቀምጦ ስለኛ አፈር ሊያስተምረኝ ነው» እያልኩ ፒያሳ ማኪያቶ ላይ ለጓደኞቼ ሳወራ ሁሉም አጨበጨበልኝ። የሽማግሌውን ነገር ግን ለማንም አላወራሁም። ደብዳቤው መሳቢያ ገባ። ከ11 ዓመት በኋላ ልጨርሰው ብዬ መጋዘን ብሄድ የቁፋሮው ዕቃ ያለበት ጆንያ አለ፣ ሌብሉን ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ ግማሹ ደግሞ የስክሪብቶው ቀለም ለቋል። ጉድጓዱን እንደገና አትቆፍረውም፣ አንዴ አውጥተኸዋል።

አርኪዮሎጂስቱ ኔቪል ቺቲክ አክሱም ላይ በ1973 እና 1974 እ.ኤ.አ. ቆፈረ፣ አብዮቱ አቋረጠው፣ በ1984 ሞተ። ሪፖርቱ ግን በ1989 በሌላው አርኪዮሎጂስት በስቱዋርት ማንሮ ሄይ እጅ ታተመ። የሱ መዝገብ ሌላ ሰው ሊጽፍበት ቻለ፣ የኔን እኔ ራሴ አልቻልኩበትም።

በነገራችን ላይ ቁፋሮ ማንበብ የተማርኩት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይወጣ ከነበረው ከፈረንሳይኛው ጆርናል ከ«አናል ዴቲዮፒ» ነው፣ ያውም ፈረንሳይኛ ሳላውቅ! ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት አንፍሬይ ኤርትራ ውስጥ ያለችውን ጥንታዊቷን መጠራን የቆፈረበትን ስዕል ብቻ አፍጥጬ አያለሁ። እናንተ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ትለዋወጣላችሁ፣ ስንቶቻችሁ እንደምትከፍቱት እግዜር ይወቀው። ገንዘብ ከፍላችሁ በሁለት ሳምንት የሚያወጣላችሁ ጆርናል ጋ ደግሞ ባትሄዱ ደስ ይለኛል። ግን ማን ነኝ እኔ፣ የከፋዮቹ ቢያንስ ታትሟል፣ የኔ ጆንያ ውስጥ ነው። ደግሞ ገምጋሚ ሁሉ ልክ ነው ማለቴም አይደለም፣ ሳያነብ የሚመልስ አለ፣ እንደሱ ከሆነ አዎ ሌላ ቦታ ላኪው።

ልጅት፣ ይሄን ካነበብሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ተቋሙ ላይብረሪ አልጠፋም። የገምጋሚውን ደብዳቤ ይዘሽ ነይ፣ የቁፋሮ ደብተርሽንም፣ በንጹህ የተገለበጠውን ሳይሆን ጭቃ የነካውን።