በደንገል ላይ ያለችን ትንሽ ሸረሪት ፎቶ ስለ ማንሳት

የባሕር ዳር ነዋሪ የሆኑ አንድ አንባቢ፣ በጣና ዳርቻ ደንገል ላይ እየዘለሉ የሚያድኑትን ትንንሽ ሸረሪቶች በ100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገሮችን በጣም ተጠግቶ በሚያነሣ ሌንስ) ሲያነሡ፣ ትራይፖድ ቢጠቀሙም የሸረሪቶቹ ዓይን ደብዝዞ እንደሚወጣባቸው፣ ፍላሽ ሲጨምሩ ደግሞ በሸረሪቶቹ ጀርባ ላይ ነጭ ነጸብራቅ እንደሚያርፍና ከኋላ ያለው ሁሉ ጥቁር እንደሚሆንባቸው ገልጸው፣ ሌንስ መቀየር ይኖርባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። የላኳቸው ፎቶዎች ከቀትር በኋላ በኤፍ 2.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) እና በ1/160 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት የተነሡ ናቸው።

ሌንሱን አይቀይሩ። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚመጣው ነፋስ ረጅሙን የደንገል ዘንግ ያለ ፋታ ያወዛውዘዋል፤ በዚህ ቅርበት ደግሞ የ1 ሚሊ ሜትር መወዛወዝ ሸረሪቷን ከፎከስ ለማስወጣት ይበቃል። ትራይፖድ የሚያቆመው ካሜራውን እንጂ ደንገሉን ስላልሆነ ለዚህ ሥራ ሸክም ነው፤ እኔ የራሴን ለሠርግ ሥራ ብቻ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይሥሩ። ነፋሱ ገና አልተነሣም፤ ሸረሪትም የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከአካባቢዋ በመሆኑ፣ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር የጠዋቱ ቅዝቃዜ ያፈዛታል። ነገር ግን ሌሊት ሲግጥ ያደረ ጉማሬ ወደ ውኃው የሚመለሰው ጎሕ ሲቀድ ነውና፣ በደንብ ሳይነጋ ደንገል ውስጥ ገብተው አይንበርከኩ። እኔ እንዲያውም በዛፍ ጥላ ነፋሱ የሚሰበርበትን የዘጌን የቡና ደን እመርጣለሁ።

አያያዙን በተመለከተ፣ ሸረሪቷ ያለችበትን ዘንግ በግራ እጅዎ ይያዙና የሌንሱን ጫፍ በዚያው እጅ ጣቶች ላይ ያሳርፉ። እንዲህ ሲሆን ዘንጉና ካሜራው አብረው ስለሚንቀሳቀሱ መወዛወዙ ፎቶው ላይ እምብዛም አይታይም። አውቶፎከሱን አጥፍተው ሌንሱን አንድ ለአንድ ላይ፣ ማለትም ሸረሪቷ በካሜራው ሴንሰር (ምስሉን በሚቀበለው ክፍል) ላይ በእውነተኛ መጠኗ በምታርፍበት ቦታ ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት ሳይነኩ መላ ሰውነትዎን በጥቂቱ ወደ ፊት እያስጠጉ፣ ዓይኗ ጥርት ሲል ይጫኑ። ከአሥር ፎቶ አንዱ ከተሳካልዎ ጥሩ ሠርተዋል።

በአንድ ለአንድ መጠን በኤፍ 11 እንኳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በኤፍ 2.8 ደግሞ ከዚያ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ይሁንና ወደ ኤፍ 22 መሮጥ አያዋጣም፤ በዚህ ቅርበት የሌንሱ ቀዳዳ ከተጻፈው ቁጥር በእጥፍ የጠበበ ያህል ስለሚሠራ፣ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተንና መላው ፎቶ ይለሰልሳል። ኤፍ 11 ላይ ይቁሙ። ከጎኗ የሚያነሡ ከሆነ ሰውነቷ ከካሜራው ሴንሰር ጋር ትይዩ ይሁን፤ ከፊት ከሆነ ዓይኖቿ ብቻ ይጥሩ፣ የኋላ እግሮቿ ቢደበዝዙ ግድ የለም።

ዋናው ነገር ግን ፍላሹ ነው። ሹተሩን 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 200 ያድርጉና ጥላ ሥር ሆነው መጀመሪያ ፍላሹን አጥፍተው አንድ ያንሱ፤ ፎቶው ጥቁር ሊል ይገባዋል። ካልጠቆረ የአካባቢው ብርሃን በፍላሹ ምስል ላይ ሁለተኛ፣ የተንቀጠቀጠ ምስል ይጨምርብዎታል። ከዚያ ፍላሹን በማኑዋል (ኃይሉን በእጅ በሚወስኑበት ስልት) ከሙሉ ኃይሉ 1/16 ላይ ያብሩት። በዚህ ኃይል ብልጭታው የሚቆየው ከ1/1000 ሰከንድ በእጅጉ ላነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴውን የሚያስቀረው ሹተሩ ሳይሆን ብልጭታው ነው፤ ፍላሹም ቶሎ ይሞላል። ብርሃኑ ካነሰ ወደ 1/8 ያሳድጉት።

ነጩ ነጸብራቅ የሚመጣው ፍላሹ ለሸረሪቷ ትንሽ የብርሃን ምንጭ ስለሚሆንባት ነው። ከስስ ነጭ ፕላስቲክ የእጅ መዳፍ የሚያህል ዲፍዩዘር (የፍላሹን ብርሃን የሚያሰፋና የሚያለሰልስ መጋረጃ) ይሥሩና ከሌንሱ ጫፍ በላይ፣ ወደ ሸረሪቷ በተቻለ መጠን አስጠግተው ይግጠሙት። ጥቁሩ ዳራ ደግሞ የፍላሹ ብርሃን ወደ ኋላ ስለማይደርስ የሚፈጠር ነው፤ ከኋላዋ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ አረንጓዴ ቅጠል፣ በመስከረም ከሆነም አደይ አበባ ማቆም ይበቃል።

ቤት ሲመለሱ ፎቶውን አጉልተው ሁለቱን ትልልቅ የፊት ዓይኖቿን ይመልከቱ። በውስጣቸው የሚታየው ነጸብራቅ እንደ መስኮት ሰፋ ብሎ ከተኛ ዲፍዩዘሩ ሠርቷል፤ የመርፌ ጫፍ የመሰለ ነጥብ ብቻ ካዩ ግን ፕላስቲኩን የበለጠ ያስጠጉት።