ጥንድ የፕሮፊባስ መስመሮች እንዴት ይገናኛሉ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፋብሪካችን ሁለት ሲፒዩ ያለው ኤስ7-400ኤች (አንዱ ሲፒዩ ሲበላሽ ሌላው ሥራውን የሚቀጥልበት የሲመንስ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ) አለው። ከሁለቱ ሲፒዩዎች የሚወጡትን የፕሮፊባስ ዲፒ (መቆጣጠሪያውን ከፋብሪካው መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኝ የመረጃ መስመር) ኬብሎች እርስ በርስ ብናገናኛቸው አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይሸፍነውም?

መልስ፦ አያገናኟቸው። የጥንድ መስመር ጥቅሙ አንዱ የሌላውን ጉዳት አለመካፈሉ ሲሆን፣ ከተገናኙ ግን በአንዱ ኬብል ላይ የተፈጠረ ሾርት ሁለቱንም ይጥላል፤ በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ አድራሻ ያላቸው ሞጁሎች ስላሉም መልእክታቸው ይጋጫል። መስመሮቹ የሚገናኙት ኢቲ 200ኤም በተባለው የግብዓትና ውጤት ጣቢያ ላይ ነው፤ እዚያ ሁለት አይኤም 153-2 የተባሉ የመስመር ማገናኛ ሞጁሎች ጎን ለጎን ይገባሉ፣ እያንዳንዱም የየራሱን መስመር ይይዛል። የሁለቱ አድራሻ አንድ መሆን አለበት። ይህን ስሕተት መስሎት የአንዱን አድራሻ የሚቀይር ቴክኒሻን አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ድራይቫችን (የሞተር መቆጣጠሪያችን) ያለው የፕሮፊባስ መግቢያ አንድ ብቻ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዋይ-ሊንክ የተባለውን ማገናኛ ያስገቡ። ከላይ ሁለቱን መስመሮች ይቀበላል፣ ከታች አንድ መስመር ያወጣል። ያ የታችኛው መስመር ግን ተጠባባቂ የለውም።

ጥያቄ፦ በመስመሩ ጫፍ ያለውን መሣሪያ ለጥገና ስናጠፋ ሌሎቹም የሚቆራረጡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የመስመር መዝጊያው (ምልክቱ ከመስመሩ ጫፍ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ የሚያደርገው) ኃይል ስላጣ ነው። በኮኔክተሩ ውስጥ ያሉት 390፣ 220 እና 390 ኦም ሪዚስተሮች 5 ቮልት የሚያገኙት ከዚያው መሣሪያ በመሆኑ፣ መሣሪያው ሲጠፋ መስመሩ ጫፉ ላይ በትክክል አይዘጋም። የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው መዝጊያ ጫፉ ላይ ቢተከል ችግሩ ይቀራል። በኮኔክተሩ ላይ ያለው የመዝጊያው ማብሪያ በሁለቱ ጫፎች ኦን፣ በመሐል ኦፍ ይሁን፤ በብዙ ኮኔክተሮች መሐል ላይ ኦን ማድረግ ወደ ቀጣዩ መሣሪያ የሚሄደውን ኬብል ያቋርጣል። ለመፈተሽ ኮኔክተሮቹን ሁሉ ከመሣሪያዎቹ ነቅለው፣ በ3ኛውና በ8ኛው ፒን መካከል በመልቲሜትር ይለኩ፤ 110 ኦም ገደማ ካሳየ ደህና ነው፣ 220 ካሳየ ግን ወይ አንዱ መዝጊያ ኦፍ ነው፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ኬብሎች በአንድ ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) መዘርጋት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን አንድ እሳት ወይም አንድ የብየዳ ፍንጣሪ ሁለቱንም ይበላቸዋል። ትሬዩንም የኃይል ምንጩንም ይለዩ።

ጥያቄ፦ ወደ ኢተርኔት ብንሻገር ኤምአርፒ (መሣሪያዎችን በቀለበት አገናኝቶ አንድ ቦታ ሲቆረጥ መልእክቱን በሌላው አቅጣጫ የሚልክ ስልት) ይበቃናል?

መልስ፦ በሂደትዎ ይወሰናል። እስከ 50 መሣሪያ ባለው የኤምአርፒ ቀለበት ውስጥ ኬብል ሲቆረጥ መስመሩ እስኪያገግም እስከ 200 ሚሊሰከንድ ሊፈጅ ይችላል፤ ለውኃ ፓምፕ ይህ ምንም አይደለም። ቅንጣት መቋረጥ የማይፈቀድ ከሆነ ግን እያንዳንዱን መልእክት በሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች በአንድ ጊዜ የሚልከውን ፒአርፒን ይምረጡ፤ ዋጋው ግን ስዊቹንም ኬብሉንም ሁለት እጥፍ መግዛት ነው።