ከባንዱ አባላት አንዱን ለይታችሁ ለወደዳችሁ

ውድ ወጣቶች፦

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በሬዲዮ የሙዚቃ ዝግጅት ክፍል ሲሆን፣ ዘፈን ከመምረጥና ከማስተዋወቅ ጎን ለጎን የአድማጮችን ደብዳቤ ማንበብም የእኔ ድርሻ ነበር። ስለ ሮክ ባንዶች የሚጻፉት ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት መንገድ የመከተል ልማድ ነበራቸው፤ ጸሐፊው ባንዱን በሙሉ እንደሚወድ ተናግሮ ይነሣና፣ ገና ገጹ ሳይጋመስ ሌሎቹን ረስቶ ስለ አንዱ አባል ብቻ ማውራት ይጀምራል። አራት አምስት ሰዎች ላባቸውን ጠብ አድርገው የሠሩትን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ይወርሰዋል። ዛሬ ደብዳቤው ቀርቶ ሁሉም ነገር በስልክ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ይህ ፍቅር ከምን እንደሚነሣ፣ በምን እንደሚፋፋ፣ የቱ ክፍሉ የሙዚቀኛው እንደሆነና የቱ ደግሞ የእናንተው የራሳችሁ እንደሆነ የማውቀውን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

መነሻው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ትንሽ ነገር ነው። ከማልረሳቸው ደብዳቤዎች አንዱን የጻፈችው ልጅ፣ የምትወደው ድራመር ዘፈኑ ሊጀመር ሲል የከበሮ መምቻውን በጣቶቹ መካከል አሽከርክሮ ወደ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር) ተጫዋቹ ዘወር በማለት ፈገግ እንደሚል ገለጸችልን፤ ከዚያም ከዚህችው ተነሥታ ሰውየው ትዕግሥተኛ፣ ለጓደኞቹ ታማኝ፣ ቁጣ የሚባል ነገር የማያውቅ መሆኑን በሁለት ገጽ አብራራች። ፈገግታው እውነት ነበር፤ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ትዕግሥቱና ታማኝነቱ ግን ልጅቷ ከራሷ ያዋጣችው ነው። ይህን የምለው ልነቅፋት አይደለም። የሰው ልጅ ያየውን ጥቂት ይዞ ያላየውን ብዙ መሙላት ልማዱ ነው፤ የሚሞላበትም ብዙ ጊዜ ለራሱ በሚያስፈልገው ነገር ነው። ጭቅጭቅ በበዛበት ቤት ያደገው ልጅ ዝምተኛውን ጊታሪስት ይመርጣል፤ ሰው ፊት መቆም የሚጨንቀው ደግሞ መድረኩን የሚያናውጠውን ድምፃዊ። ራሱን የሚመስለውን የሚመርጥም አይጠፋም። በዚህም ሆነ በዚያ፣ ከአንድ ባንድ ውስጥ ማንን እንደወደዳችሁ ስትነግሩኝ ስለ ሙዚቀኛው ከምረዳው ይልቅ ስለ እናንተ የምረዳው ይበልጣል።

ይህ በአድናቂው በኩል ያለው ነው። በወዲያ በኩል ደግሞ ምርጫውን የሚያቃልሉላችሁ ባለሙያዎች አሉ። ቢትልስ የተባሉት አራቱ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 በአሜሪካ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቷቸዋል። ካሜራው የእያንዳንዳቸውን ፊት በተራ አቅርቦ እያሳየ ከሥሩ ስማቸውን ሲጽፍ፣ ከጆን ሌነን ስም ጋር «ይቅርታ ልጃገረዶች፣ ባለትዳር ነው» የሚል መልእክት አብሮ ታየ። አንዲት መስመር ጽሑፍ ሦስቱን ለምኞት ክፍት ትታ አራተኛውን ዘጋችው ማለት ነው። ሌነን ያገባው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ የባንዱ ማናጀር ብራያን ኤፕስታይን አድናቂዎች እንዳይሸሹ በመስጋት ጋብቻው እንዳይወራ ሲጠነቀቅ ቆይቶ ነበር። ጋዜጦቹም የየራሳቸውን አከሉበት፤ ፖል መልከ መልካሙ፣ ጆን ምላሰ ስሉ፣ ጆርጅ ዝምተኛው፣ ሪንጎ አስቂኙ ተባሉ። ጆርጅ ሃሪሰንን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ወሬ ከጀመረ ማቆሚያ እንዳልነበረው በኋላ ቢናገሩም፣ አንዴ የተለጠፈበት ስም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለአድናቂና ለጋዜጣ ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

የሪንጎ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1962 ፒት ቤስት ከባንዱ ተሰናብቶ ሪንጎ ስታር በቦታው ሲገባ፣ የሊቨርፑል አድናቂዎች ዘወትር በሚጫወቱበት በካቨርን ክበብ ተቃውሟቸውን በጩኸት ገለጹ፤ በግርግሩም ጆርጅ ሃሪሰን ዓይኑ ላይ ተመትቶ በለዘ። ለእነዚያ ልጆች ድራመሩ ማለት ፒት ነበር፤ አዲሱ ሰው ምንም ያህል ጥሩ ቢመታ ሊሰሙት አልፈለጉም። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ይኸው የተጠላ ሰው በአሜሪካ ከአራቱ እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ሆነ። በመካከሉ የከበሮ አመታቱ አልተለወጠም። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው፤ አሜሪካኖቹ ፒት የሚባል ሰው ትዝታ አልነበረባቸውም።

ይህንን ሁሉ ያስተዋሉ የቴሌቪዥን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1966 መንኪስ የተባለውን ባንድ ለተከታታይ ዝግጅት ሲያቋቁሙ አራት ወጣቶችን በፈተና መርጠው ለእያንዳንዳቸው ጠባይ አደሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ላይ መሣሪያዎቹን በአብዛኛው የተጫወቱት ግን ሌሎች ባለሙያዎች ነበሩ። ነገሩ የማስመሰል ሥራ ብቻ ነው ብዬ እንዳልዘጋው የሚያደርገኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጆቹ የራሳችንን መሣሪያ ራሳችን እንጫወት ብለው ከአለቆቻቸው ጋር ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ አደረጉ። የተሰጣቸውን ሚና ይዘው ሙዚቀኛ ለመሆን ታገሉ። ስለዚህ የምትወዱት ሰው ገጽታ በባለሙያ የተቀረጸ መሆኑን ስታውቁ ሰውየው በሙሉ ሐሰት ነው ብላችሁ ለመደምደም አትቸኩሉ።

ፍቅሩን የሚያፋፋው ድግግሞሽ ነው። ሮበርት ዛዮንክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናቱ፣ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ በማየቱ ብቻ፣ ሌላ ምክንያት ሳይኖረው፣ ወደዚያ ነገር እንደሚያዘነብል አሳይቷል። ከእሱም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል በቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ወደ ካሜራው እያየ የሚናገር ሰው ከተመልካቹ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ያህል ስሜት እንደሚፈጥር፣ ግንኙነቱ ግን በአንድ ወገን ብቻ ያለ መሆኑን ጽፈው ነበር። ያን ጊዜ ሰዎቹ የተመለከቱት ሳሎን ውስጥ የተቀመጠን አንድ ሣጥን ነበር። እናንተ ግን ያንን ፊት ከእንቅልፋችሁ ስትነቁ በእጃችሁ መዳፍ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ልምምድ ሲያደርግ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሳሳቅ ታዩታላችሁ። የልደት ቀኑን፣ የሚፈራውንና የሚጠላውን ታውቃላችሁ፤ እሱ ግን መኖራችሁን አያውቅም። ይህ በሽታ አይደለም፤ ወላጆቻችሁ «የዛሬ ልጆች ቅጥ አጡ» ቢሏችሁም፣ ሃይንሪሽ ሃይኔ የተባለው ጀርመናዊ ባለቅኔ ገና እ.ኤ.አ. በ1844 ፍራንዝ ሊስት ፒያኖ ሲጫወት አድማጮቹ ላይ ለሚነሣው ዕብደት ስም አውጥቶለት እንደነበር ብትነግሯቸው ነውር አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የሙዚቀኛው የሆነው፣ እናንተ ከራሳችሁ ያላዋጣችሁት ክፍል፣ ሥራው ውስጥ ይገኛል፤ እሱን ለማግኘት ግን ጆሮ ያስፈልጋል። ዴፍ ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ድራመር ሪክ አለን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1984 በደረሰበት የመኪና አደጋ ግራ ክንዱን አጣ። ዕድሜው 21 ነበር። ባንዱ ሌላ ሰው አላስገባም፤ ጠበቀው። እሱም ቀድሞ በግራ እጁ ይመታቸው የነበሩትን ከበሮዎች ድምፅ በግራ እግሩ በፔዳል ማውጣት እንዲችል ሆኖ የተዘጋጀ የኤሌክትሮኒክ ከበሮ አሠርቶ፣ እጅ ለዓመታት የለመደውን ለእግር ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1986 በዶኒንግተን በተደረገው ትልቅ የሮክ ድግስ ላይ ተጫወተ፤ በማግስቱ ዓመት የወጣውም አልበም በሚሊዮኖች ተሸጠ። ብዙ ሰው አለንን የሚወደው ታሪኩን ሰምቶ በማዘን ነው፤ ማዘኑም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከአደጋው በፊትና ከአደጋው በኋላ በመድረክ ላይ ሲጫወት የተቀረጸውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ብትሰሙ፣ እጁ ይሠራው የነበረውን እግሩ እንዴት እንደተረከበው ልትሰሙ ትችላላችሁ። ይህን የሰማ አድናቂ ስለ ሰውየው የሚያውቀው ነገር ከራሱ የፈጠረው አይደለም። ማንም ሊወስድበት አይችልም፤ ነገ ሙዚቀኛው በሆነ ነገር ቢያሳዝነው እንኳ ከእጁ አይወጣም።

ጆሮ የሌለበት ፍቅር ወዴት እንደሚያመራ ያሳየንም ያው ቢትልስ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1965 ኒውዮርክ ውስጥ በሺ ስታዲየም ሲጫወቱ 55,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተገኝቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበረው የድምፅ ማጉያ ደግሞ ያን ሁሉ ጩኸት የሚችል አልነበረም። ከባንዱ ኋላ የተቀመጠው ሪንጎ ጓደኞቹ የሚጫወቱትን መስማት ስላልቻለ፣ ከፊቱ የቆሙትን የሰውነታቸውን እንቅስቃሴ እያየ ዘፈኑ የት እንደደረሰ ይገምት እንደነበር ተናግሯል። እስኪ ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት፤ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የሚወደድ ባንድ፣ ከወዳጆቹ ጩኸት የተነሣ የራሱን ሙዚቃ አይሰማም። የሚጮኹትም አይሰሙትም ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1966፣ ሳን ፍራንሲስኮ ካቀረቡት ዝግጅት በኋላ ትኬት የሚሸጥበት ኮንሰርት አላደረጉም። የጉዞው ድካምና የደረሰባቸው ዛቻም እንዳለ ሆኖ፣ በጩኸቱ መካከል ሙዚቃቸው እየተበላሸ መሄዱ ውሳኔያቸውን እንዳፋጠነው አባላቱ ራሳቸው አልደበቁም። በኮንሰርት ላይ አትጩኹ የሚል ሽማግሌ እንዳልመስላችሁ፤ ጩኹ፣ ደስታ ነው። ግን ከጩኸቱ በኋላ ቤታችሁ ገብታችሁ ምን እንደተጫወተ የማታውቁ ከሆነ፣ የወደዳችሁት ማንን እንደሆነ ብትጠይቁ አይከፋም።

ከዚህ የከፋው አድናቂው እንደ አበዳሪ ዕዳ ጠያቂ ሲሆን ነው። «ይህን ያህል ወድጄው እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» የሚለው ንግግር ሲሰማ የዋህ ይመስላል፤ ይሁንና ሙዚቀኛው ማንን ማግባት፣ መቼ መናገር፣ ከማን ጋር መጫወት እንዳለበት የመወሰን መብት ለአድናቂው የሚሰጥ ንግግር ነው። ጆን ሌነንን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1980 ምሽት የገደለው ሰው፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አልበም ላይ አስፈርሞት ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ከብዙ ሚሊዮን አንድ ነውና እናንተን ከእሱ ጋር አላወዳድርም፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ስንት ሙዚቀኛ ከቤቱ ደጃፍ ለሰላምታ መቆም እንደፈራ ማሰብ ተገቢ ነው።

የፍሬዲ መርኩሪን ነገር ከዚህ ጋር አያይዤ ላንሣ። ዛንዚባር የተወለደው ይህ የኩዊን ባንድ ድምፃዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ዕርዳታ በተዘጋጀው ላይቭ ኤድ ላይ የለንደኑን ዌምብሌይ ስታዲየም የሞላውን ሕዝብ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ እንዴት በእጁ እንዳስገባው ዛሬም ይወራል። ከመድረክ ሲወርድ ግን ቁጥብ ሰው ነበር። የኤድስ ሕመምተኛ መሆኑን በይፋ የገለጸው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ሲሆን በማግስቱ ዐረፈ። በዚያ ሰሞን ከደረሱን ደብዳቤዎች ጥቂቶቹ ከኀዘን ይልቅ ቅሬታ ነበረባቸው፤ ለእኛ ለምን አልነገረንም የሚሉ ነበሩ። ለእነርሱ የሚነግርበት ምክንያት አልነበረውም። የሰጣቸው ድምፁን ነበር፤ እሱንም እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ድረስ እስቱዲዮ እየገባ ሰጥቷል።

በዚያው ባንድ ውስጥ አድናቂዎች ዘግይተው የሚያገኙት ሌላ ሰው አለ። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን ብዙ አይናገርም፣ በመድረክም ላይ ከድራመሩ አጠገብ ብዙም አይርቅም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ከወጡት ሁለት የኩዊን ዘፈኖች አንዱን የጻፈው ግን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 በኋላ ከሙዚቃው ሥራ ራሱን አገለለ፤ ሌሎቹ ባንዱን ይዘው ሲቀጥሉ እሱ ቤቱን መረጠ። እስከ ዛሬ የት እንዳለ እያፈላለጉ በስውር ፎቶ የሚያነሡት አሉ፤ እባካችሁ ከእነርሱ አትሁኑ። ከዚያ ይልቅ የኩዊንን አንድ ዘፈን፣ በቃላችሁ የምታውቁትን፣ በጥሩ ማዳመጫ ክፈቱና መጀመሪያ የምትወዱትን አባል ብቻ ተከትላችሁ እስከ መጨረሻው ስሙ። ቀጥሎ ያንኑ ዘፈን እንደገና ክፈቱና ድምፁንም ጊታሩንም ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉ፤ ድምፃዊው ትንፋሽ በሚወስድባቸው ቦታዎች ላይ ዲከን ምን እየሠራ እንደነበር ትሰማላችሁ።