ጥግ የያዘችው እንግዳ ዶሮ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጓደኛዬ ቤት ስትቀይር ዶሮዋን ለእኔ ተወችልኝ። እዚያ እያለች ጭን ላይ የምትወጣ፣ ከእጅ የምትለቅም ነበረች። እኔ ጋ ከመጣች ሳምንት ሊሆናት ነው፤ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፣ መኖውን ነካ አድርጋ ትተወዋለች፣ እንቁላልም አቁማለች። ሁለት የቆዩ ዶሮዎች አሉኝ፤ ስቀላቅላቸው ያሳድዷታል። እንድትለምደኝ ብዬ ባቅፋት ባቅፋት ባሰባት። ለሌላ ሰው ልስጣት ይሆን?
(ግራ የገባት)

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ማቀፉን ተይ። ከላይ የሚወርድ እጅ ለዶሮ ጭልፊት ነው። ጓደኛሽ ጭን ላይ ትወጣ የነበረው ፈልጋ ነው፤ አንቺ ገና ባዕድ ነሽ፣ አትቀየሚያት።

ከዚያ ዛሬውኑ ከሁለቱ ለያት። ምክንያቱ ጠቡ ብቻ አይደለም፤ እንግዳ ዶሮ ጤነኛ መስላ በሽታ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ አንድ ወር ለብቻዋ ትቆይ። ስትመግቢ ከቆዩት ጀምሪ፣ እሷን መጨረሻ አድርጊ፣ ከዚያ እጅሽን ታጠቢ። እስካሁን አብረው ስለዋሉ ምን ዋጋ አለው እንዳትይ፤ አለው። ካስነጠሳት፣ ዓይኗ አረፋ ካወጣ ወይም ስትተነፍስ ድምፅ ካሰማች ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት። ላባዋን ገልጠሽ መቀመጫዋ አካባቢ ቅማል መኖሩን እዪ። ማታ ደግሞ ባትሪ ይዘሽ የቆጡን ስንጥቆች ፈትሺ፤ ቀን እዚያ ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ቀያይ ተባዮች አሉ። ብዙ ሰው ዶሮዋን ሲመረምር ይውልና ቆጡን ይረሳል።

መብላቷን በሣህኑ አትለኪው፤ ግማሹን በትናው ይሆናል። ማታ ቆጥ ላይ ስትሰፍር ደረቷ ላይ፣ ከአንገቷ ሥር፣ በቀስታ ዳብሺ። ምግብ የሚጠራቀምበት ከረጢት እዚያ ነው፤ ሞልቶ ካገኘሽው በልታለች፣ ጠዋት ደግሞ መጉደል አለበት። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም መኖ ይበቃታል። ሁለት ማታ ተከታትሎ ባዶ ከሆነ ግን ሐኪም ይያት። ጓደኛሽ ምን ታበላት እንደነበር፣ በምን ዓይነት ዕቃ፣ ምን ብላ ትጠራት እንደነበር ጠይቂያት። ዶሮ የማታውቀውን መኖ ትጠራጠራለች፤ የድሮውን ስጪያትና አዲሱን ቀስ እያልሽ ቀላቅዪበት። ጥሪውንም በስልክ ቅጂልኝ በያት፣ አልቀልድም።

ስለ እንቁላሉ ለጊዜው እርሺው። ቤት መቀየር ብቻውን ያስቆማታል፤ ላባ መጣል ከጀመረች ደግሞ ይቆያል። ውኃ ግን አይጓደልባት።

አሁን ወደ ማሳደዱ እንምጣ። ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1921 እንደጻፈው ዶሮዎች በመካከላቸው ማን ማንን እንደሚነቁር የተወሰነ ተራ አላቸው። ያንቺ ሁለቱ ይህን ጨርሰው በሰላም የሚኖሩ ናቸው፤ ሦስተኛዋ ስትገባ ሁሉም እንደ አዲስ ይደለደላል። ስለዚህ የብቻ ጊዜዋን ስትጨርስ መሃላቸው የሽቦ አጥር አድርጊ፤ ለሳምንት ያህል እየተያዩ፣ ከአጥሩ ግራና ቀኝ ይብሉ። ከዚያ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ልቀቂያቸው። መመገቢያውም መጠጫውም ሁለት ሁለት ይሁን፣ ተራርቆም ይቀመጥ፤ አንዷ ሁለቱንም መጠበቅ አትችልም። መሸሸጊያ ካደረግሽላት መውጫው ሁለት ይሁን፤ አንድ በር ብቻ ያለው ሳጥን ወጥመድ ነው። ለጥቂት ቀን መነካከሱ አይቀርም፣ መሃል አትግቢ። ደም ከታየ ግን ወዲያው አውጫት፤ ቀዩን ያዩ ዶሮዎች አይተዉትም።

በጨለማ ቆጥ ላይ አስቀምጪያት፣ ጠዋት ይላመዳሉ የሚሉሽ ይኖራሉ። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ ሌሊቱ በሰላም ያልፋል፤ ግን ይህን የሚመክሩት ሲነጋ ተነስተው ያላዩ ይመስለኛል። ካደረግሽው ጎህ ሲቀድ እዚያው ተገኚ።

ከአንቺ ጋር ለመላመድ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጪ፣ መዳፍሽ ላይ ጥሬ ያዢ፣ ዓይኗን ትኩር ብለሽ አትዪ። መጽሐፍ እያነበብሽ ቢሆን ይመረጣል። እሷ ትምጣ።

ለሌላ ሰው መስጠቱን ለአሁኑ ተዪው፤ ሦስተኛ ቤት ከገባች ይህ ሁሉ ከሀ ይጀመራል።