የስልክ ብሉቱዝ ከኤምፒስሪ ጋር ይገጥማል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ስለምውል ጆሮዬ የሚሰማው ነገር ካላገኘ ስራው አይገፋልኝም፣ ትንሽዬ ኤምፒስሪ አለችኝ፣ መንዙማውም የድሮ የወሎ ዘፈኑም ተጭኖባታል። ችግሬ የኤርፎኑ ገመድ ነው፣ ጨርቁ ስር ይገባል፣ ክንዴን ይይዘኛል፣ አንዴማ መርፌው ሊበሳው ለጥቂት ነው የተረፈው። አሁን ታናሽ ወንድሜ ከሳውዲ ባንድ ጆሮ የምትደረገዋን የስልክ ብሉቱዝ ላከልኝ። ስልክ ሳወራባት በደንብ ትሰራለች፣ ከኤምፒስሪው ጋር ግን እንዴት ላገናኛት? ሱቅ ስጠይቅ አንዱ አይሆንም ይለኛል፣ ሌላው እቃ ግዛና ላገናኝልህ ይለኛል። በስልክህ ስማ እንዳትሉኝ፣ ስልኬ የደንበኛ መደወያ ነው፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ባለሱቆች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሚወስነው በእጅዎ ያለው እቃ ነው፣ ስለዚህ ብር ከማውጣትዎ በፊት ሁለቱን እቃዎች እንያቸው።

ኤምፒስሪው ሜኑ ውስጥ ይግቡና ብሉቱዝ የሚል ይፈልጉ። ካለ ግማሹ ስራ አለቀ፣ ከሌለ ግን የለም ነው፣ ውስጡ ቺፑ ስለሌለ ሶፍትዌር ጭኜ አመጣልሃለሁ የሚልዎትን ሰው አይስሙ። ብዙዎቹ ርካሽ ኤምፒስሪዎች የላቸውም፣ አፕል ራሱ አይፖድ ናኖ በሚባለው ማጫወቻው ላይ ብሉቱዝ ያስገባው በ7ኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ አይፖድ ክላሲክ ደግሞ ሳይኖረው ነው ከገበያ የወጣው።

ዋናው ጉዳይ ግን ወንድምዎ የላኩልዎት ብሉቱዝ ናት፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ብሉቱዝ ድምፅ የሚያስተላልፍበት መንገድ አንድ አይደለም። ለስልክ ንግግር ኤችኤፍፒ የሚባል አለ፣ ለሙዚቃ ደግሞ ኤ2ዲፒ የሚባል አለ፣ አንዳንድ ባንድ ጆሮ የሚደረጉ ብሉቱዞች፣ በተለይ የቆዩቱ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቁት። ኤምፒስሪ ወይም ማስተላለፊያ እቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ደህና እቃ ሆነው፣ ሁለቱም ብሉቱዝ ተብለው፣ አይግባቡም። ቢግባቡም እንኳን የንግግሩ መንገድ ለሙዚቃ አይሆንም፣ ድምፁን በሰከንድ 8 ሺህ ጊዜ፣ ሻል ያለው 16 ሺህ ጊዜ ነው የሚለካው፣ የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ ግን 44 ሺህ 100 ጊዜ ነው። የመንዙማው ድቤ ይሳሳል፣ የማሲንቆው ጥራት ይጠፋል፣ ሰውየው ከስልክ ማዶ ሆኖ የሚያዜም ነው የሚመስለው።

የእርስዎ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ከስልክዎ ጋር እንደተገናኘች ስልኩ ላይ አንድ ዘፈን ይክፈቱ። ዘፈኑ ጆሮዎ ላይ ከመጣ ሙዚቃ ትቀበላለች ማለት ነው፣ ዘፈኑ በስልኩ ስፒከር እየወጣ ጆሮዎ ላይ ዝም ካለች ለንግግር ብቻ የተሰራች ናት። አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ብሉቱዝ ሴቲንግ ገብተው ስሟ አጠገብ ያለችውን ባለጥርስ ክብ የሴቲንግ ምልክት ሲነኩ የስልክ ጥሪ እና የሚዲያ ኦዲዮ የሚሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይመጣሉ፣ የሚዲያው ከሌለ በቃ፣ ለዚህች ብሉቱዝ ብለው ምንም እቃ አይግዙ።

ሙዚቃ ትቀበላለች እንበል፣ ኤምፒስሪው ግን ብሉቱዝ የለውም። ያኔ የሚያስፈልግዎት ብሉቱዝ ትራንስሚተር የምትባል ትንሽ እቃ ናት፣ የኤርፎኑ ቀዳዳ ላይ፣ ማለትም 3.5 ሚሊ ሜትሩ ጃክ ላይ ትሰካና ድምፁን ትልካለች። እዚህ ጋ በጣም ይጠንቀቁልኝ፣ ገበያው ላይ ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው ባለ አውክስ ብሉቱዝ ብዙውን ጊዜ ሪሲቨር ነው፣ ከስልክ ተቀብሎ ለመኪናው ቴፕ የሚሰጥ፣ የእርስዎን ስራ ተገላቢጦሽ ማለት ነው። መልኩ አንድ አይነት ስለሆነ ሻጩም ሊሳሳት ይችላል። ካርቶኑ ላይ ቲኤክስ (TX) የሚል ካለ ይልካል፣ አርኤክስ (RX) ብቻ ከሆነ ይቀበላል፣ ሁለቱም ያለው ደግሞ መቀያየሪያ አለው። ኤፍኤም ትራንስሚተር የሚሉትም ለዚህ አይሆንም፣ እሱ ለኤፍኤም ሬዲዮ እንጂ ለብሉቱዝ አይልክም። ከሁሉም የሚሻለው ኤምፒስሪውንም ብሉቱዟንም ይዘው ሄደው እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰምተው መክፈል ነው፣ በኋላ ይሰራል የሚል ቃል አይቀበሉ።

ሲያገናኙ መጀመሪያ የስልክዎን ብሉቱዝ ያጥፉ፣ አለበለዚያ ወደለመደችው ስልክ ነው የምትሮጠው። ከዛ ብሉቱዟን አጥፍተው ቁልፏን ሳይለቁ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስኪል፣ አንዳንዷ ላይ ቀይና ሰማያዊ እየተፈራረቀ እስኪበራ ይጫኑ፣ ትራንስሚተሯንም እንዲሁ አድርገው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ትራንስሚተሯ ስክሪን ስለሌላት ማንን እንደምታገኝ መምረጥ አይችሉም፣ ስለዚህ አጠገብዎ ሌላ ክፍት ብሉቱዝ አይኑር። የኤምፒስሪውን ድምፅ ከግማሽ ከፍ፣ ከጥግ ደግሞ ዝቅ ያድርጉት፣ በጣም ዝቅ ካለ ሹሹታ ይሰማል፣ ጥግ ላይ ሲደርስ ይሰነጣጠቃል።

የእኔን ሀሳብ ከጠየቁኝ ባንድ ጆሮ መስማቱ ለእርስዎ ስራ ጥሩ ነው፣ ደንበኛ ሲገባ ይሰማሉ፣ መኪናው ሲንተከተክም ይሰማሉ። ብሉቱዟ ሁለት እቃ ባንዴ የምትይዝ አይነት ከሆነች ደግሞ ከስልኩም ከትራንስሚተሯም ጋር ትቆይና ሲደወል ዘፈኑን ቀጥ አድርጋ ስልኩን ትሰጥዎታለች። እስከዚያው ግን የኤርፎኑን ገመድ ከሸሚዝዎ ስር በጀርባ በኩል አሳልፈው በአንገትዎ ያውጡት፣ ኤምፒስሪው የኋላ ኪስ ይግባ፣ ከመርፌው ይርቃል፣ ወጪም የለውም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ኤምፒስሪዬ ብሉቱዝ አለው፣ ሄድሴቴንም ያገኘዋል፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደሴ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይቆራረጥብኛል፣ በተለይ የሐረጎን ተራራ ስንወጣ። ተራራው ይሆን እንዴ? ቤት ውስጥ ግን ምንም አይለኝም።

መልስ፦ እህቴ ተራራው አይደለም፣ ብሉቱዝ ከኔትወርክ ማማ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ከኤምፒስሪሽ ወደ ጆሮሽ ብቻ ነው የሚሄደው። የሚጠቀመው 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ነው፣ ይሄ ሞገድ ደግሞ ውሃ ይይዘዋል፣ የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው። እስከ 10 ሜትር ይሰራል የሚባለው ምንም ነገር መሀል ሳይገባ ነው፣ አንቺ ኤምፒስሪውን ቦርሳ ውስጥ ከተሽ እግርሽ ስር አስቀምጠሽ ሰው ተጠጋግቶ ሲቀመጥ፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ ደግሞ ሁሉም ሲያዘነብል፣ መሀላቸው የማይገባ ነገር የለም። ከቦርሳ አውጪውና የደረት ኪስሽ ወይም የጃኬትሽ የላይ ኪስ ውስጥ አድርጊው፣ ሄድሴቱ የአንድ ጆሮ ከሆነ ደግሞ ኪሱም ጆሮሽም በአንድ ጎን ይሁን፣ ቀኝ ከሆነ ቀኝ። ይሄን አድርገሽም ከተቆራረጠ የሄድሴቱን ባትሪ እዪው፣ እያረጀ ሲሄድ ሙሉ ቻርጅ ነኝ እያለ ይደክማል።